የአባቴ ማዳበሪያ እና የሀበር ኦስሚየም

ማዳበሪያ የሚለው ቃል እኛ ቤት ሁለት ትርጉም ነበረው። አንደኛው ያው መሬት ላይ የሚበተነው ነው። ሁለተኛው ከረጢቱ ነው። «ያንን ማዳበሪያ አምጣ» ከተባልኩ ተሸክሜ የምመጣው ነጩን የላስቲክ ከረጢት ነው፤ ውስጡ ማሽላ ይሁን ጤፍ ለውጥ የለውም፣ ስሙ ማዳበሪያ ነው። ዝናብ ሲይዘን አንዱን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፈን እንደ ቆብ እንደፋዋለን። ሲቀደድ ይሰፋል፣ ሰፍተውት እንቢ ሲል የበረት አጥር ይሆናል። ዩሪያ፣ 46 በመቶ ናይትሮጅን፣ 50 ኪሎ። የእንግሊዝኛ ፊደል የለመድኩት ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ከከረጢት ላይ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም።

የሚያስቀው ነገር፣ ከረጢቱ በየቤቱ ሞልቶ ይዘቱ ግን ብዙም አይወደድም ነበር። ቆቦ ሜዳ ላይ የምታርሱ ከሆነ ችግራችሁ መጀመሪያ ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ከምዕራብ፣ ከላስታ በኩል ካለው ደጋ ጎርፍ ይወርዳል፤ ሆርማትና ጎሊና ይሞላሉ፤ ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል። ጎርፉ ውሃ ብቻ አይደለም ይዞ የሚመጣው፣ የደጋውን ለም አፈርም አብሮ ያመጣል። ስለዚህ አባቴ «ማዳበሪያችንን ደጋው በነጻ ይልክልናል» ይላል። ዩሪያ በትኖ ዝናቡ ከቀረ ደግሞ ማሽላው ይጠወልጋል። «ማዳበሪያ ያቃጥላል» የሚባለው ለዚህ ነው። የግብርና ባለሙያዎቹ ይሄን እንደ ኋላ ቀርነት ሲያወሩት ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ትክክለኛ ስሌት ይመስለኛል። እርጥበት በሌለበት አፈር ላይ ናይትሮጅን መጨመር ዕዳ መግባት ነው።

ያም ሆኖ ጎርፉ በየዓመቱ አይመጣም፣ መሬቱም በየትውልዱ ይቆራረሳል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ እየተቆፈረ በመስኖ ማልማት ሲጀመር ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ውሃው ከጉድጓድ ሲመጣ ደለል ይዞ አይመጣም። ያኔ አባቴም ከረጢቱን ከነይዘቱ መግዛት ጀመረ። በየዓመቱም ዋጋው አናት ላይ ይወጣል፣ ወይ ጭራሽ ሳይደርስ የዘር ጊዜ ያልፋል።

እኔ በኬሚካል ምህንድስና ተመርቄ ኮድ ጽፌ የምበላ ሰው ነኝ። (በዚህ አገር ይሄ አዲስ ታሪክ አይደለም።) ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የአሞኒያ ነገር በአንድ ስላይድ አልፎናል፦ ናይትሮጅን ሲደመር ሃይድሮጅን፣ የብረት ካታሊስት፣ ከፍተኛ ሙቀት፣ ከፍተኛ ግፊት፣ ለፈተና ያዙት። «ለምን ብረት?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ታሪክ ነው የሚከተለው። ዓመቶቹ ካልተባለ በስተቀር በፈረንጅ ናቸው።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሰብል ግን ሊጠቀምበት አይችልም፤ ምክንያቱም ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች በሦስት ድርብ ተሳስረው ተቆላልፈዋል፣ በኬሚስትሪ ከሚታወቁት ጠንካራ ማሰሪያዎች አንዱ ነው። ያንን ቋጠሮ መፍታት ማለት ከአየር እንጀራ መጋገር ማለት ነው። ሐምሌ 1909 ካርልስሩኸ ከተማ ውስጥ ፍሪትዝ ሀበር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት፣ ሮበርት ለ ሮሲኞል ከተባለ መሣሪያ የሚሠራለት ረዳቱ ጋር ሆኖ ይሄን ለባስፍ ኩባንያ ሰዎች አሳየ። ጠብታ በጠብታ ፈሳሽ አሞኒያ ወረደ። የተጠቀመበት ካታሊስት ኦስሚየም ነበር።

ኦስሚየም ማለት ከፕላቲነም ጋር የሚገኝ፣ ከወርቅም የበለጠ ብርቅ የሆነ ብረት ነው። ባስፍ በሀበር ምክር በዓለም ገበያ ላይ የተገኘውን ኦስሚየም ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ገዛው። መጠኑ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? ወደ 100 ኪሎ። ሁለት የዩሪያ ከረጢት መሆኑ ነው! የዓለም ኦስሚየም ተሰብስቦ አባቴ በአንድ አህያ ጭኖ ከገበያ ሊመለስበት ይችል ነበር። በዚህ ዓለምን መመገብ አይቻልም።

እዚህ ላይ ካታሊስት ምን እንደሚሠራ ካላስረዳሁ የቀረው አይገባም። በእኛ አገር ደም ሲፈስ የዘወልድ ሽማግሌዎች ይገባሉ። ገዳይና የሟች ወገን በራሳቸው አይገናኙም፣ መሀላቸው ትልቅ ተራራ አለ። ሽማግሌዎቹ አንዱን ወገን ያመጣሉ፣ ሌላውን ያመጣሉ፣ ጉማው ይቆረጣል፣ ዕርቅ ይወርዳል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እንደመጡ ይመለሳሉ፤ ለሌላ ጠብ ነገ ይፈለጋሉ። ካታሊስት ይሄው ነው፦ ተራራውን ዝቅ የሚያደርግ መተላለፊያ ያበጃል፣ ራሱ አያልቅም። ነገር ግን ሽማግሌው ለአንዱ ወገን በጣም የቀረበ ከሆነ ያ ወገን ከእሱ ተለጥፎ ይቀራል፣ ጉዳዩ አይጨረስም። በጣም ባዕድ ከሆነ ደግሞ ማንም ቃሉን ሰምቶ አይመጣም። ፈረንሳዊው ፖል ሳባትዬ (በ1912 ኖቤል ያገኘው) ስለ ካታሊስት ያለው ይሄንኑ ነው፤ ጥሩው ካታሊስት የሚይዘው አላልቶም አጥብቆም አይደለም፣ መሀል ላይ ነው። ኦስሚየምና ዘመዱ ሩቴኒየም ናይትሮጅንን የሚይዙት ልክ መሀሉ ላይ ነው። ችግሩ፣ መሀሉ ላይ የተቀመጡት ውድ መሆናቸው ነው።

ባስፍ ውስጥ አልዊን ሚታሽ የሚባል ሰው ርካሹን ካታሊስት እንዲፈልግ ተመደበ። ሚታሽ ንድፈ ሐሳብ አልነበረውም። ማንም አልነበረውም፤ ኤሌክትሮን ምን እንደሚሠራ የሚገልጸው ሒሳብ የተጻፈው ከዚያ ከ15 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የነበረው ትዕግሥትና በርካታ ትንንሽ መሞከሪያ ምድጃዎች ናቸው። አንዱን ናሙና ከተተ፣ አሞቀ፣ ለካ፣ አወጣ፣ ሌላውን ከተተ። ኅዳር 1909 ላይ ከስዊድን ጌሊቫራ የመጣ የብረት ማዕድን ተሞከረ። ንጹሕ ብረት ከዚያ በፊት ተሞክሮ ደካማ ሆኖ ነበር። ይሄኛው ግን ጥሩ ሠራ። ለምን? ማዕድኑ ንጹሕ ስላልነበረ! በውስጡ የነበረው ትንሽ ቆሻሻ ነው ያገዘው። ሚታሽ ቆሻሻውን አንድ በአንድ እየለየ ሄዶ ብረት፣ ትንሽ አሉሚና፣ ትንሽ ፖታሲየም የሚል ቅመም ላይ ደረሰ። እስከ 1912 ድረስ 2,500 ያህል ዓይነት ቅመሞችን በ6,500 ያህል ሙከራ ፈትሸዋል።

ኮድ የምትጽፉ ካላችሁ ይሄ ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ሁሉንም አማራጭ በጉልበት መፈተሽ ነው፣ እኛ ስንፍና የምንለው ዘዴ። ግን ሠራ። ዛሬም አብዛኛው የዓለም አሞኒያ የሚመረተው በዚያ ቅመም የቅርብ ዘመዶች ነው። ካርል ቦሽ ግፊቱን የሚችል ምድጃ ሠርቶ ፋብሪካው ኦፓው ላይ መስከረም 1913 ሥራ ጀመረ።

በ1914 ጦርነቱ ፈነዳ። አሞኒያ ማዳበሪያ ብቻ አይሆንም፣ ወደ ናይትሪክ አሲድ ሲቀየር ፈንጂ ይሆናል። ጀርመን ከቺሊ የሚመጣላት ናይትሬት በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሲቆረጥባት የሚታሽ ብረት ጥይት አቀበላት። ሀበር ደግሞ ከዚህም አለፈ። ሚያዝያ 1915 ኢፕር በምትባል የቤልጂየም ከተማ ግንባር የክሎሪን ጋዝ ሲለቀቅ እዚያው ቆሞ የሚመራው እሱ ነበር። የሰናፍጭ ጋዝም በ1917 እዚያው ኢፕር አካባቢ መጀመሪያ ጥቅም ላይ ዋለ፤ የጀርመንን የጋዝ ምርምር የያዘው ሀበር የሚመራው ተቋም ነው። ጣሊያኖች ጋዙን በከተማዋ ስም «ኢፕሪት» አሉት።

ይሄን ሳነብ ላፕቶፑን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ኢፕሪት የወረደው እኛ ዘንድ ነዋ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ተደርጎ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ አሸንጌ ሐይቅ ዳር የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና ጋዝ አወረዱበት። አሸንጌ ከቆቦ ሩቅ አይደለም፤ አላማጣን አልፎ፣ ግራ ካሱን ወጥቶ፣ ከኮረም ትንሽ ፈቀቅ ማለት ነው። ስለዚያ ማፈግፈግ ስናወራ አብሮ የማይወራ ነገርም አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐምፀው በመንግሥት ዘመቻ ክፉኛ የተቀጡት የራያና አዘቦ ሰዎች፣ ከጣሊያን ብርና ጠመንጃ ተቀብለው ያንን የሚሸሽ ጦር መንገድ ላይ መቱት። አያቶቻችን ናቸው። ንጉሡ በዚያው ዓመት ሰኔ ጄኔቭ ላይ ቆመው ስለ ጋዙ ለዓለም ተናገሩ። እኔ ታሪኩን ትምህርት ቤት ስማር ጋዙ ከየት እንደመጣ፣ በከረጢቱ ውስጥ ካለው ነገር ጋር አንድ ስም እንደሚያገናኘው የነገረኝ የለም። ሀበር በ1918 ኖቤል የተሸለመው ለአሞኒያው ነው።

ወደ ካታሊስቱ ልመለስ። ከሚታሽ በኋላ ለግማሽ ክፍለ ዘመን ብረቱ ሠራ፣ ለምን እንደሚሠራ ግን በወጉ አይታወቅም ነበር። ለውጡ የመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። ጌርሃርድ ኤርትል የሚባል ጀርመናዊ (ኖቤል 2007) የብረትን ገጽ በቫክዩም ውስጥ እያጠና ከሁሉም ቀርፋፋው እርምጃ የናይትሮጅኑ ቋጠሮ መፈታት መሆኑን አሳየ። በሌላ በኩል በ1964 እና 1965 ዋልተር ኮን ከባልደረቦቹ ጋር፣ እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ከመከተል ይልቅ የኤሌክትሮኖቹን ጥግግት ብቻ በማስላት ስለ ቁሱ ማወቅ እንደሚቻል አረጋገጠ። ገበያ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በስም ከመመዝገብ፣ የቱ ጋ እንደተጨናነቀና የቱ ጋ እንደሳሳ ማየት እንደ ማለት ነው። ኮን ፊዚሲስት ሆኖ በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሰጠው፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር ሲጎለብት ኬሚስቶቹ ሁሉ በእሱ ሒሳብ ላይ መኖር ጀመሩ።

ዴንማርክ ውስጥ የየንስ ኖርስኮቭ ቡድን ይሄን ሒሳብ አሞኒያ ላይ አዞረው። በ1999 ያሳዩትን ነገር በጣም እወደዋለሁ። የሩቴኒየም ገጽ ከሩቅ ለስላሳ ይመስላል፤ በአተም ደረጃ ግን እንደ ደጋችን እርከን አለው። ናይትሮጅኑ የሚሰበረው እርከኑ ጠርዝ ላይ ነው፣ ሜዳው ላይ ያሉት አተሞች ምንም አይሠሩም ለማለት ይቻላል። ጠርዙን ለመሸፈን የሚበቃ ከ1 እስከ 2 በመቶ ወርቅ ሲያደርጉበት ካታሊስቱ ዝም አለ። እስቲ አስቡት፣ ያ ሁሉ ውድ ብረት ተገዝቶ የሚሠራው ጫፉ ላይ ያለው ጥቂቱ ብቻ ነው! አንድ ሰፈር ሙሉ ለደቦ ተጠርቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ሦስት ሰው ብቻ ሲያጭድ እንደ ማየት ነው። ይሄ ከታወቀ በኋላ ጥያቄው ተቀየረ። «ውዱን ብረት በምን እንተካው?» የሚለው ብቻ አይደለም፣ «ለምንድን ነው ሥራ ፈቶቹን አተሞች የምንቀልበው?» የሚልም መጣ።

በ2001 ደግሞ ሚታሽ ቢሰማው ኖሮ ደስ የሚለውን ሥራ አወጡ። በኤለመንቶች ሰንጠረዥ ላይ ሞሊብዲነም ናይትሮጅንን ከልክ በላይ ይይዛል። ኮባልት ደግሞ ይለቃል። ስሌቱ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ የመያዝ አቅማቸው መሀል ላይ፣ ሩቴኒየም አጠገብ እንደሚወድቅ አሳየ። ቤተ ሙከራውም ደገፈው፤ የኮባልትና ሞሊብዲነም ናይትራይድ በእርግጥም ጎበዝ ነው። ከሁለት ተራ ብረቶች የውዱን ጠባይ ማውጣት፤ ለአንዱ ወገን ያደላ ሽማግሌና ለማንም የማይቀርብ ሽማግሌ አንድ ላይ አስቀምጦ ማስታረቅ ነው። 6,500 ምድጃ ሳይሞቅ!

ይሄ ሙያ ላይ ኢትዮጵያዊ አለ ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፣ እኔም ጠይቄያለሁ። በስሌቱ በኩል ሳይሆን በቤተ ሙከራው በኩል ያገኘኋቸው ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው። አዲስ አበባ በ1966 ተወለዱ። አባታቸው የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው መጥተው ተኩሰው አቆሰሏቸው፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር አሳለፉ። ቤተሰቡ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። አባት እዚያ ሆነው በፊልም የተነሡ የአገራችንን ብራና መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነበቡ መዘገቡ። ልጅ ኤምአይቲ ተምረው ካልቴክ አስተማሩ፣ አሁን ኖርዝዌስተርን ናቸው። በ2001 ሶስና ጠጣር አሲድ የሚባል የጨው ዓይነት በነዳጅ ሴል ውስጥ እንደሚሠራ አሳዩ፤ በ2020 ደግሞ ቡድናቸው በዚሁ ዓይነት ሴል በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሞኒያን መልሶ ወደ ንጹሕ ሃይድሮጅን ቀየረ። የሀበርን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ በሉት። ካታሊስቱ ሩቴኒየም ነው። ውዱ ብረት እዚህም አልቀረም፣ ለዚህም ነው ፍለጋው ያላለቀው።

የእኔ ተሳትፎ የሚያስቅ ነው። በ2020 ፌስቡክና ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ኦፕን ካታሊስት የሚባል የዳታ ክምችት በነጻ ለቀቁ፦ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የገጽና የሞለኪውል ጥምረቶች፣ 55 ኤለመንቶች፣ 82 ዓይነት ሞለኪውሎች፣ በድምሩ ወደ 260 ሚሊዮን የሚጠጋ ስሌት። ሐሳቡ፣ አንዱ የኮን ስሌት ሰዓታት ወይም ቀናት ስለሚፈጅ፣ ሞዴል አሠልጥኖ መልሱን በሰከንድ እንዲገምት ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ኪራይ ቤቴ ቁጭ ብዬ ትንሹን ክፍል፣ 200,000 ናሙና ያለውን አወረድኩ። ማውረዱ ብቻ ሦስት ሌሊት ፈጀ። ሥልጠናውን የጀመርኩት ቅዳሜ ነው፣ እሑድ መብራት ጠፋ፣ መሀል ላይ ማስቀመጥ ረስቼ ስለነበር ከዜሮ ጀመርኩ። (ይሄን ስህተት ለጀማሪ ሠራተኞች የማስተምር ሰው ነኝ።)

በመጨረሻ ሞዴሉ ሠራ ሲባል፣ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቅሁት፦ ናይትሮጅንን እንደ ሩቴኒየም የሚይዝ፣ ግን ውድ ብረት የሌለበት ገጽ አምጣልኝ። በመቶዎች አመጣ። ደስታዬ አንድ ቀን አልሞላም። የተወሰኑት ምድጃ ውስጥ ሲገቡ የሚበታተኑ ናቸው። ሌሎቹ ኦክስጅን ሲነካቸው የሚዝጉ። ብዙዎቹ በወረቀት እንጂ በእጅ ማን እንደሚሠራቸው አይታወቅም። ከዚህ በታች ደግሞ የባሰ ግድግዳ አለ፤ ናይትሮጅንን በቀላሉ የሚሰብረው ብረት የሰበረውንም አጥብቆ ይይዛል፣ ሁለቱ ነገሮች ተያይዘው ነው የሚወጡት የሚወርዱት። አንዱን ብቻ ልቀይር ብትሉ አይሆንም። ብረቱ እስከ ዛሬ ከ400 ዲግሪ በላይና ከመቶ በላይ የአየር ግፊት የሚፈልገው ለዚህ ነው፣ ያ ግፊት ደግሞ ትልቅ ፋብሪካ ይፈልጋል፣ ትልቅ ፋብሪካ ትልቅ ካፒታል ይፈልጋል።

እኛ ያንን ካፒታል ለማግኘት ስንሞክር ቆይተናል። ያዩ ላይ በድንጋይ ከሰል ሊሠራ የታሰበው ፋብሪካ ቢሊዮን ብሮች በልቶ ቆመ። በ2025 ነሐሴ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ለማምረት፣ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በኦጋዴን ጋዝ ለመሥራት ተፈራረመ። ከተሳካ ከረጢቱ ላይ የአገራችን ስም ይጻፋል። እኔን የሚያጓጓኝ ግን ሌላው ነው፦ ቆቦ ሜዳ ላይ ያለውን ፀሐይ ተጠቅሞ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከጉድጓዱ ውሃና ከአየሩ ትንሽ ትንሽ አሞኒያ የሚያመርት፣ አንድ ቀበሌ የሚያክል ማሽን። ያንን የሚፈቅድ ርካሽ ካታሊስት ገና አልተገኘም።

ይሄን ጽሑፍ ስጨርስ አባቴ ጋ ደወልኩ። «አባዬ፣ ዘንድሮ ስንት ከረጢት ወሰድክ?» አልኩት።

«ሁለት» አለ። «ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?»

ስለ ኦስሚየሙ ነገርኩት፤ የዓለም ኦስሚየም በአንድ ዘመን ልክ ያንን ያህል እንደነበር። ሳቀ። ከዚያ ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለ አተሞቹ፣ ስለ እርከኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ጥሩ ነው ልጄ። ዝናቡንስ አያሰላም?»

ያሰላል እኮ፣ የሚያሰሉ ሌሎች ሰዎች አሉ፣ ልለው ስል ከኋላው የሰው ድምፅ ሰማሁ። ሆርማት ሌሊቱን ሞልቶ አድሯል፣ ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ ሳይዞር መጥለፍ አለበት። «በኋላ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው።